በነጩ ቬሎ ላይ የጠፋው ደም

ሟቹ የተገኘው ግንባሩን የስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ ነው። ከጠረጴዛው ተንዠርግጎ ወለሉን የሸፈነው ቬሎ ገና እጅጌው አልተገጠመለትም፤ መርፌው ክሩን እንደያዘ የቬሎው አንገት ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሙሽራ ሲያለብስ አርባ ዓመት ኖሮ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ወድቆ ሞተ።

ሐኪሞቹ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ አልተቸገሩም። የረጋ ደም ከልቡ ተነስቶ የአንጎሉን የደም ሥር ዘግቶታል። ሰውየው የልብ ምት መዛባት ነበረበት፤ እነሱ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ልብ ሥርዓቷን ትስትና እንዳሻት ትዘላለች፤ ደሙም በአንዱ ጥግ ይተኛና ይረጋል። ያ እንዳይሆን ደም ማቅጠኛ ኪኒን በየቀኑ ይዋጣል። ሟቹም ይውጥ ነበር። ቢያንስ እሱም ቤተሰቡም የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

ላቦራቶሪው ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በሟቹ ደም ውስጥ የማቅጠኛው ዱካ የለም። የሳምንቱ ኪኒን በሚቀመጥባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ የቀሩት፣ ማቅጠኛውን የሚመስሉ ሮዝ ኪኒኖች ሲመረመሩ ተራ ቫይታሚን ሆነው ተገኙ።

ሳጥኗን እሁድ እሁድ የምትሞላው የሟቹ አንድያ ልጅ ናት። ልጅቱ የምትሠራው ደግሞ ሰው ሰፕሊመንት የሚለውን የምግብ ማሟያ፣ ቫይታሚኑንም ማግኒዚየሙንም የዓሣ ዘይቱንም በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ምስክር ማን ይፈልጋል? የሟቹ ወንድም ከሰሰ፣ ጎረቤት ፈረደ፣ የወንጀል ምርመራ አለቃውም አመነ።

«ፋይሉ ያለቀ ነው፤» አለ አለቃው፣ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮት። «ልጅቱ መድኃኒቱን በራሷ ቅራቅንቦ ቀይራዋለች። ዓርብ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ እሷም ትታሰራለች።»

«ካለቀ ለምን ወደ እኔ መጣ?»

«ፊርማ ስለሚያስፈልገው።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሾህ» ይሏታል። ፊርማዋን በነፃ ሰጥታ አታውቅም። በዚያ ላይ ያን ቀን ከፍቷት ነበር፤ እሷም የዚያው በሽታ ደንበኛ ናት። ሌሊቱን ልቧ ሲዘል አድሯል። ጠዋት ደረጃው ላይ ጎረቤቷ አስቁማ ስለ ነጭ ሽንኩርት ሰበከቻት። ከታመመች ወዲህ ያልመከራት ሰው የለም። አንዱ ማግኒዚየም፣ ሌላው የዓሣ ዘይት ይላታል፣ አንዱ ደግሞ ኪኒኑን ተዪውና አየር ቀይሪ። ሐኪም ጋ ስትሄድ ወረፋው ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። የልቧን ነገር ሁሉም ከእሷ በላይ ያውቀዋል፤ ልቧ ግን የማንንም አትሰማም። እንዲህ ተበሳጭታ ነው ፋይሉን በብብቷ ይዛ የወጣችው።

ልጅቱን ያገኘቻት ኩሽና ውስጥ፣ ታጥቦ ያለቀ ሳህን መልሳ ስታጥብ ነው። ዓይኗ አብጧል። ጎረቤት ለቅሶ መድረስ ካቆመ ሰንብቷል።

«ለስንት ሰው ልናገር?» አለች ልጅቱ። «መድኃኒቱን አልነካሁም። ማሟያ ከመድኃኒት ጎን እንጂ በመድኃኒት ፈንታ አይወሰድም። ለደንበኞቼም የምለው ይኼንኑ ነው። አባቴን ሐኪም ቤት ስወስደው ያለኝን ጠርሙስ ሁሉ በፌስታል ጭኜ ነው የሄድኩት።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የዓሣ ዘይቱ ከደም ማቅጠኛው ጋር መድማት ሊያበዛ ይችላል፣ ለልቡም ላይበጀው ይችላል፣ ተይው አለኝ። የዚያኑ ዕለት ተውኩት። ማግኒዚየሙን ኩላሊቱን አስመርምሮ በትንሹ ፈቀደ። እሱንም ‹ይጠቅመዋል ብዬ አልምልልሽም› ብሎኛል።»

«አባትሽስ ያምንበት ነበር?»

ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። «አባቴ? ከረሜላ ነበር የሚለው። አጎቴ ደግሞ ‹ጠንቋይዋ› ይለኛል። ሲስቁብኝ ይውላሉ፣ ሲያማቸው ሱቄ ይመጣሉ። የስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጯ እትዬ እንኳ ለጉልበቴ ብላ ቫይታሚን ከእኔ ገዝታለች።»

መርማሪዋ ልትወጣ ተነስታ በሩ ላይ ቆም አለች። «ሲሰፋ መርፌ ሲወጋው ብዙ ይደማ ነበር?»

«የምን ደም?» አለች ልጅቱ ግራ ተጋብታ። «አባቴን? አርባ ዓመት የሰፋ ሰው መርፌ ይወጋዋል እንዴ!»

መርማሪዋ አውራ ጣቷን አየች። ሰሞኑን ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላው ጫር አድርጓት፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ደሙ አልቆመላትም ነበር። ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ዕጣው ይኸው ነው። ሟቹ ደግሞ መርፌ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን ስለ ደም ሰምታ አታውቅም።

የስፌት ክፍሉ ዓይን እስኪያም ድረስ ነጭ ነው። ቬሎዎቹ ከጣሪያው በተዘረጋ ብረት ላይ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ወንድምየው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ በእጁ ግቢ አላት። ደንበኛ የሚቀበለውም ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው።

«ልጅቱ ናት፣ ሌላ የለም፤» አለ ስልኩን ሲዘጋ። «ኪኒኑ ከምግብ ጋር ስለሚዋጥ ወንድሜ ምሳውን እዚሁ ሲበላ ነበር የሚወስደው። ሳጥኗ ሰኞ ትመጣለች፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ናት። ማንም አይነካትም።»

«ማንም የማይጠብቃት ከሆነ ማንም ይነካታል ማለት ነው። ሥራ ላይስ እንዴት ነበር?»

ወንድምየው ተነፈሰ። «እውነቱን ልንገርዎት? አስመርሮኝ ነበር። ያን ማቅጠኛ ከጀመረ ወዲህ መርፌ በነካው ቁጥር ቬሎው ላይ ደም! አንዷ ሙሽራ ልብሷን መልሳ ፊቴ ላይ ወርውራዋለች። የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩት ሰዎች አንድ ትልቅ ትእዛዝ ሲሰጡን ቁርጡን ነገርኩት። ‹አንድ ጠብታ ካየሁ ከመኪናው ትነሳለህ፤ በር ላይ ተቀምጠህ ደንበኛ ትቀበላለህ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላየሁም። ቆራጯ ናት ደሙን እያስለቀቀች ያዳነችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ማስለቀቂያውን በየሳምንቱ እገዛላታለሁ።»

«ስለ ደሙ ለልጁ ነግረዋታል?»

«አስምሎኝ! ለሐኪሙም ትንፍሽ አላለም። ‹እጄ ደማ ብዬ ሐኪም ፊት ላለቅስ ነው?› ይላል። ወንድሜ እንደዚያ ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ቆራጯ በክፍሉ ጥግ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። የሟቹ እኩያ ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ አስራለች። መቀሱን ሳታስቀምጥ ነው ያነጋገረቻት።

«አብራችሁ ብዙ ሠርታችኋል፣ እትዬ?»

«ልጅቱ ሳትወለድ ጀምሮ።»

«ደሙን የሚያጸዱት እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ። ትኩሱን ጋሼ ራሱ ምራቁን ያስነካዋል፤ የሰው ደም በራሱ ምራቅ ነው ቶሎ የሚለቀው። ከደረቀ ግን በፈሳሹ አሻለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው። የሞተ ዕለት ጠዋት እንኳ አሽቻለሁ።»

መርማሪዋ መሐረቧን ጣል አድርጋ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ከጠረጴዛው ሥር የማስለቀቂያ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱ ተጋምሶ አቧራ ጠጥቷል። የቀሩት ክዳናቸው እንደታሸገ ነው። ቀና አለች። ቬሎዎቹን አንድ በአንድ አወረደቻቸውና እስኪመሽ አምፖል ሥር ስታገላብጣቸው ዋለች። ወንድምየው ሥራ ፈታሁ እያለ ሲነጫነጭ አልሰማችውም።

በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙም የተበሳጨ ሰው ነው።

«ልጅቱማ ከሁሉም የተሻለች ነበረች፤» አለ። «ሌላው ሳይነግረኝ ይውጣል፤ እሷ ጠይቃኝ የከለከልኳትን ታስቀራለች። አስቸጋሪው አባትየው ነው። በቀጠሮው ሁሉ ‹ደህና ነኝ›። መድማቱን ቢነግረኝ መላ አይጠፋም ነበር፤ ዓይነቱን እንቀይራለን፣ መጠኑን እናያለን። ማቆም ግን አይሆንም። መድኃኒቱን እየዋጠም ሊመታው ይችል ይሆናል፣ ሳይውጥ ግን ያለ ጃንጥላ ዝናብ መግባት ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት መርማሪዋ ሁሉንም የስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃው ፊርማውን ሊወስድ እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። ልጅቱ በር አጠገብ ቆመች፤ አጎቷ ጀርባውን ሰጥቷታል። ቆራጯ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም።

«ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይደማል፤» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «በራሴ አውቀዋለሁ። ሟቹም ትልቁ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ሲደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰፉትን ቬሎዎች ግን ስፌት በስፌት አየኋቸው። ጠብታ የለም። ጠብታ ታሽቶ ሲጠፋ የሚቀረው ፈዛዛ ክብ እንኳ የለም። በድሮዎቹ ላይ ግን ያ ክብ አለ።»

«ቆራጯ ስላጸዳች ነዋ!» አለ ወንድምየው።

«በምን? የገዟቸው ጠርሙሶች አልተከፈቱም። ጎንበስ ብለው ይዩ።»

ወንድምየው ጎንበስ ብሎ አየ። ሲነሳ ፊቱ ተለዋውጧል።

«እንግዲህ ደሙ ቆሟል ማለት ነው። የቆመውም መድኃኒቱ ስለቆመ ነው። ታዲያ ደሙ እንዲቆም የፈለገ ማነው? ልጅቱ ደም ስለመኖሩም አልሰማችም፤ ደብቀዋታል። ላልሰማችው ነገር መላ አትፈልግም። ደግሞ ልታጭበረብር ብትፈልግ፣ የራሷን ሱቅ ቫይታሚን በራሷ ሳጥን ሞልታ ለፖሊስ ታስቀምጣለች? እንዲህ ያለ ሞኝ ወንጀለኛ አላጋጠመኝም።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እርስዎ ግን ፈልገዋል፤» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ።

«እኔ? ወንድሜን?»

«ይታገሱኝ። መፈለጉንስ ፈልገዋል፤ ነገር ግን መቆሙን አላወቁም። ቢያውቁ ኖሮ በየሳምንቱ ገንዘብ አውጥተው ማስለቀቂያ አይገዙም። እርስዎን ለአንድ ቀን ነው የማውቅዎት፤ ለከንቱ ነገር ገንዘብ የሚያወጡ ሰው እንዳልሆኑ ግን ለማወቅ በቂ ነው። መቆሙን በዓይኑ እያየ፣ አልቆመም ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደም የሌለበትን ልብስ አሸሁ ያለኝ።»

ማንም ወደ ቆራጯ አልዞረም፤ ሁሉም የተነጠፈውን አንሶላ አዩ። ልጅቱ ከበሩ ወደ ቆራጯ ጠጋ አለች።

«እትዬ... ለጉልበትሽ ብለሽ ከእኔ የወሰድሽው... ሮዙ ነበር አይደል?»

ቆራጯ መቀሱን አስቀመጠች። ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ጎን ገፋችው።

«ለትእዛዙ ጊዜ ብቻ ነበር፤» አለች። «ከመኪናው ሊያስነሱት ነው። ከዚያ መኪና የተነሳ ዕለት እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ሌላ ምን ነበረው? ማታ ማታ ሁላችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ጣቱን ጠቅልሎ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ነኝ። ‹ከእንግዲህ ሰፊ አይደለሁም› ሲለኝ አልቻልኩም። ሰኞ ሰኞ ሳጥኗ ስትመጣ እቀይራለሁ። የእሱን አንዱንም አልጣልኩ፤ በልብስ ቁልፍ ጣሳው ውስጥ አሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ልመልስለት። ለጥቂት ጊዜ ቢቀር ምን ይሆናል አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ሲውጠው ምንም ለውጥ አላየሁበትም!»

«ምንም ያልሆነው ስለሚውጠው ነበራ፣ እትዬ!» አለች መርማሪዋ። መቆጣት አልፈለገችም ነበር፣ ግን ተቆጣች። «ልጅቱን ሲከሷትስ?»

«ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ...»

አለቃው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ወንድምየው ስልኩ ሲጮህ አላነሳውም፤ ከሟቹ ወንበር ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለና «እኔ ነኝ ያስፈራራሁት፣ እኔ ነኝ» እያለ ራሱን ያዘ። ወደ ወንድሙ ልጅ ቀና ብሎ ለማየት ግን አልደፈረም።

መርማሪዋ ቆራጯን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ መንገዱን ዘጋች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ደሙ ሲቆም ምን አለ? አልገረመውም?»

«እንዴት አይገርመው!» አለች ቆራጯ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ሲወርድ ሳትጠርገው። «እጁን እያገላበጠ ‹ተመለሰልኝ› አለ። እንደ ልጅ ሆነ። ‹ይኼ የልጄ ሥራ ነው፤ የሰጠችኝ ማግኒዚየም አዳነኝ፣ እኔ ስስቅባት ኖሬ› አለኝ። ትእዛዙ ሲያልቅ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ሊጠይቅሽ፣ ሊያመሰግንሽ ነበር። በሞተ ዕለት ጠዋት እንኳ ስምሽን እየጠራ ነው የሰፋው።»

ልጅቱ ግድግዳውን ተደገፈች። ለማልቀስም ለመሳቅም የፈለገች መስላ አፏን ከፈተች፣ ግን ሁለቱም አልመጣላትም። ከዚያ መንገዱን ለቀቀችላቸው።

«ይኼን እንኳ ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ፤» አለች።