ማረው የቀየረው ፍሬን

የኋላው ጎማ በማረው ደረት ላይ አልፏል። የዘር ማባዣ ጣቢያው መካኒክ ማረው እዚያው ከጋራዡ በታች በጀርባው እንደተንጋለለ ነው የሞተው። አሮጌዋ የመስክ መኪና ደግሞ ቁልቁለቱን ወርዳ ጠባብ ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተሰክታለች። የጎን መስኮቶቿ ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተለጥፈዋል፤ የፊት መስታወቷ ጭቃ ለብሷል፤ የኋላውን የጭነቱ ሸራ ጋርዶታል።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ 1978። መርማሪው መቶ አለቃ ቢሻው ከደብረ ታቦር ተጠርቶ ወረታ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ከጣቢያው በታች የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት እስከ ዐይን መጨረሻ ያብለጨልጫል።

የጣቢያው ኃላፊ አድማሴ በር ላይ ቆሞ ተቀበለው።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጓድ መቶ አለቃ። ሾፌሩ አበረ ትናንት ማታ ቁልቁለቱ ላይ አቁሟት የእጅ ፍሬን ሳይዝ ሄደ። ጠዋት ማረው ከሥሯ ገብቶ ሲሠራ ተንሸራተተችበት። አበረን አስረነዋል።»

«እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታለች። የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ወደ ታች መውረዱን በዐይኔ አይቻለሁ። ለፖሊስ ጣቢያችሁም በስልክ ያስመዘገብኩት ይህንኑ ነው።»

ቢሻው ቃሉን አንድ በአንድ ጻፈ። ከዚያ ወደ ቦዩ ወርዶ በሮቹን ሞከረ፤ አልከፈት አሉ። መስኮቶቹን ተራ በተራ አየና ሁለት ጠባቂዎች ጠርቶ የፊቱን መስታወት አስወለቀ። የእጅ ፍሬኑ እጀታ እውነትም ወደ ታች ወርዷል። ከአጠገቡ በስለት የተቆረጠ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ወደ ጋራዡ ተመልሶ መኪናዋ የቆመችበትን መሬት መረመረ። የፊት ጎማዎቹ በነበሩበት ቦታ ሁለት ድንጋዮች የተኙባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ጠርዛቸው አልፈረሰም። ድንጋዮቹ ግን ጋራዡ ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የጎማ ጥቁረት አለባቸው።

አበረ እህል መጋዘን ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ዐይኑ በለቅሶ አብጧል።

«የእጅ ፍሬኑን ለምን አልያዝክም?» አለው ቢሻው።

አበረ ግራ ገባው። «የቱን የእጅ ፍሬን ጌታዬ? የላትም እኮ!»

«እንዴት የላትም?»

«ጋሽ ማረው የኋላውን ፍሬን ቀይሮታል። ድሮ ታምቡር የሚባለው፣ እንደ ከበሮ የተሸፈነው ነበር። የርብን ወንዝ ተሻግረን ስንወጣ ታምቡሩ ውሃና ጭቃ ይሞላል፤ ፔዳሉን ብረግጠው ብረግጠው አትቆምም። አምና ይፋግ ገበያ ዳር የሰው በሬ ገጭቻለሁ። ጋሽ ማረው ከተገለበጠች መኪና ገላጣውን የዲስክ ፍሬን አመጣ፤ መግጠሚያውን ከወፍራም ብረት በሞረድ ቀረጸው። አራት ወር ለፋበት። አሁን ከወንዝ እንደወጣች ብረግጣት እንኳ ቀጥ ትላለች። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ግን የሚታሰረው ታምቡሩ ውስጥ ነበር፤ ታምቡሩ ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ባዶ እጀታው እንዳይንቀጫቀጥ ወደ ላይ ስቦ በቀይ ጨርቅ አሰረው።»

«ታዲያ ቁልቁለት ላይ ምን ይይዛታል? ማርሽ?»

«ማርሹም አርጅቷል፤ አይዛትም። ትናንት ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ከፊት ጎማዎቹ ሥር አስገብቼ ነው የሄድኩት። ማርያምን!»

«እጀታው ባዶ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔና ጋሽ ማረው። ሚስቱ እትዬ ታይቱም ያውቃሉ፤ ጨርቁን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው ፍሬኑ መለወጡን ያውቃሉ እንጂ መሪ ጨብጠው አያውቁም።»

አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኙት መሪጌታ ገብረ ሐና ናቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ የጣቢያውን አጥር ታክከው ነው የሚያልፉት። ቢሻው ሲጠይቃቸው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ቆመና ማረው ተናገረ። ሌላውን ሰው አጥሩ ጋርዶኛል፤ ምስክር አታድርጉኝ። ዘመኑን ታውቀዋለህ ልጄ።»

«ማረው ምን አለ አባቴ? ቃሉን ብቻ ይንገሩኝ።»

«"ልጄን ይመልሱልኝ" አለ። ጥቂት ቆይቶ መኪናዋ ስትወርድ ሰማሁ።»

«"መልስልኝ" ነው ወይስ "ይመልሱልኝ"?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩት። የጥያቄው ትርጉም ገብቷቸዋል።

«"ይመልሱልኝ" ነው ያለው» አሉ ዝግ ብለው።

ታይቱ ከለቀስተኛው መካከል ተነሥታ ስትመጣ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ አላት፤ ካሴ ይባላል። ከሁለት ወር በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል።

«ስሙ መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም» አለች። «የአድማሴ የእህት ልጅ ነበር የተጻፈው። መራጩ ራሱ አድማሴ ነው፤ የእህቱን ልጅ ስም ፍቆ የእኔን ልጅ ጻፈበት። ማረው የፊተኛውን ወረቀት አገኘው። ነገ ሰኞ ደብረ ታቦር ሄዶ ሊከስ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ በደረት ኪሱ ይዞት ነበር።»

የማረው የደረት ኪስ ባዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በአድማሴ ቢሮ ተሰበሰቡ። ከአውራጃው የመጣ አንድ ባለሥልጣንም ወንበር ስቦ ከአድማሴ ጎን ተቀምጧል።

ቢሻው ቆሞ ጀመረ። «አደጋ አይደለም። መኪናዋ በድንጋዮቹ ላይ ዘልላ ቢሆን ኖሮ ጉድጓዶቹ ይፈርሱ ነበር። ድንጋዮቹን በእጁ አንሥቶ ግድግዳ ሥር ያስቀመጠ ሰው አለ።»

«አበረ ራሱ ሊሆን ይችላል» አለ አድማሴ።

«ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ሰው ድንጋዮቹን ከማንሣቱ በፊት የእጅ ፍሬኑን ጨርቅ ቆርጦ እጀታውን አውርዷል። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ እጀታው ከምንም ጋር አልተያያዘምና። አበረም ታይቱም ይህን ያውቃሉ፤ ባዶ እጀታ ለማውረድ አይደክሙም። ያወረደው ይሠራል ብሎ ያመነ ሰው ነው።»

ቢሻው ማስታወሻውን ገለጠ።

«ማረው አበረን "አንተ" ነው የሚለው። ከመሞቱ በፊት ግን ልጁን እንዲመልስለት የለመነውን ሰው "እርስዎ" ብሎታል። በዚህ ጣቢያ ማረው "እርስዎ" የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አድማሴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይኸ ሰዋስው ነው ጓድ።»

«ቀሪው ሰዋስው አይደለም። እጀታው ወደ ታች መውረዱን በዐይንዎ እንዳዩ ነግረውኛል፤ በስልክም አስመዝግበዋል። የደረሱት ደግሞ መኪናዋ ቦይ ከገባች በኋላ ነው ብለዋል። ከዚያ በኋላ ግን በአንዱም መስኮት ወደ ውስጥ ማየት አይቻልም፤ መስታወቱን ያስወለቅኩት እኔ ነኝ። እጀታው መውረዱን ሊያውቅ የሚችለው ያወረደው ሰው ብቻ ነው። የማረውን ወረቀት የት አደረጉት?»

አድማሴ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ።

ባለሥልጣኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ ሠርተሃል መቶ አለቃ። ይሁን እንጂ የምልመላው ሥራ አላለቀም፤ ጓድ አድማሴ ያስፈልጉናል።» ከቦርሳው ሁለት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አንዱ የሾፌሩ ቸልተኝነት ይላል። ሌላው መካኒኩ ያለ ዕውቀት በለወጠው ፍሬን ራሱን ለሞት ዳረገ ይላል። በአንዱ ፈርም። ሦስተኛ የለም።»

ቢሻው ወረቀቶቹን ተራ በተራ አነበበ። በመጀመሪያው ቢፈርም አበረ ወህኒ ይወርዳል። በሁለተኛው ቢፈርም አራት ወር የተለፋበት፣ ርብን ተሻግሮ ቀጥ የሚል ፍሬን ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ባይፈርም ሌላ መርማሪ ይመጣል፤ አበረም ከመጋዘኑ አይወጣም።

«ፍሬኑ ደህና ነው!» አለ አበረ እያለቀሰ። «ጋሽ ማረውን አታዋርዱብኝ። እኔው ልታሰር!»

ታይቱ ተነሣች። ማንንም አላየችም።

«በሁለተኛው ይፈርሙ» አለችው ቢሻውን። «ማረውን ከእንግዲህ የሚያስረው የለም። አበረ ሦስት ልጆች አሉት።»

ፈረመ። አበረ ወድቆ እግሯን ያዘ፤ ታይቱ አነሣችውና ወጣች። አድማሴ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ።

ቢሻው ወደ መኪናው ሲሄድ ታይቱ የጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ፊደል አልቆጠርኩም» አለችው። «ለካሴ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። አባቱ መሞቱን፣ በምን እንደሞተም።»

ማስታወሻውን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አስደግፎ የሰላምታውን መስመር ጻፈ፤ ከዚያ ብዕሩ ቆመ። የወታደር ደብዳቤ ማሠልጠኛው በር ላይ ተከፍቶ እንደሚነበብ ያውቃል። እውነቱ ቢጻፍ የሚቀጣው ልጁ ነው። ብዙ ቆይቶ አንድ መስመር ጨመረና አነበበላት፦

«አባትህ በሥራ ላይ ሳለ ዐረፈ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አላት።

ታይቱ ወረቀቱን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችው። ሊላት ያሰበውን ነገር ሳትጠብቅ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።