ያልወረደችው ተሳፋሪ

ማመን ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም። ኢሳምን ባላውቀው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል።

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ፣ ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ቤቱ ሲገባ፣ መንገዱ ጭር በሚልበት ሰዓት።

ኢሳም ስልክ ጠጋኝ ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችው። እጁ ስልክ ይጠግናል እንጂ ልቡ መኪና ላይ ነው።

የሚነዳ መኪና ማለቴ አይደለም። ከቆርቆሮ፣ ከፕላስቲክና ከሽቦ በገዛ እጁ የሚሠራት፣ ስንዝር ብትሆን ነው፣ ሞዴል መኪና። በሯ ይከፈታል። መሪዋን በወረንጦ ስታዞረው ጎማዋ አብሮ ይዞራል። ፎቶዋን ያየ ሰው ከእውነተኛ መኪና አይለያትም።

ቤቱ የአያቶቹ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ዕቃ መደርደሪያ የተፈለፈለለት የሐረር ቤት። በዚያ መደርደሪያ ላይ ሌላው ሰው ሳህኑንና ሙዳዩን ይደረድራል። ኢሳም መኪኖቹን ደርድሯል።

ሚስቱ ዋፋ ትስቅበታለች። “ሰው ባል ያገባል፣ እኔ ጋራዥ አገባሁ” ትላለች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የቢኒያም ቃል ነው።

ቢኒያም ከደሴ ተመድቦ የመጣ የሥዕል መምህር ነው። እሱም ሞዴል ይሠራል። ጓደኛሞች ናቸው... ግን ከጓደኝነታቸው ሥር ፉክክር አለ። በአዲሱ ከተማ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሲል ቢኒያም የኢሳምን መኪኖች አንድ በአንድ አየና፣

“ቆንጆ ናቸው” አለ። “ግን አሻንጉሊት ይመስላሉ። ሰው ተቀምጦባቸው የሚያውቅ አይመስሉም።”

ያ ቃል ኢሳም ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ቀረ።

ሰው የተቀመጠባት መኪና... የት እንዳለች ያውቅ ነበር።

ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አካባቢ፣ አው ዓብዱላሂ የሚባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ፔጆ ቆማለች። ‘አው’ በሐረር ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። አው ዓብዱላሂ ድሮ ታክሲ ነጂ ነበሩ። መኪናዋ ጎማዎቿ ተነቅለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በሮቿ በሙሉ በወፍራም ሽቦ ታስረዋል።

ኢሳም ሄዶ በትሕትና ጠየቀ።

“አው ዓብዱላሂ፣ ልለካት ብቻ ነው። ለኤግዚቢሽን ነው።”

“አትለካም።”

“ፎቶ ብቻ ላንሳ?”

“አታነሳም። ውጣ!”

ምርኩዛቸውን አነሡ። ከልባቸው ሊመቱት ነበር።

ከበሩ ሲወጣ ግን አንድ እጅ እጅጌውን ያዘው። የሽማግሌው ልጅ ሰዐዲያ ናት። ጠጉሯ ገብስማ ሆኖም ከዚያ ግቢ ያልወጣች፣ ሳታገባ የቀረች ሴት።

“አባቴ ለዙህር መስጊድ ይሄዳል” አለችው በሹክሹክታ። “ያኔ ና።”

“እሳቸው ቢያውቁስ?”

“ና አልኩህ እኮ።”

በማግስቱ ሄደ። ግቢው ፀጥ ብሏል። ሰዐዲያ በሩን ከፈተችለትና ራቅ ብላ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ወደ መኪናዋ አልቀረበችም።

ኢሳም ከውጭ ያለውን ሁሉ ለካ። ኮፈኑን፣ መብራቱን፣ ፓራውልቱን። ከዚያ የኋላውን በር ሽቦ በፒንሳ ፈታ።

በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ። ያን ያህል ዘመን የቆመ በር... ትንሽ እንኳን አልጮኸም።

ውስጡ አቧራ ጠጥቷል። መሪው አቧራ፣ ዳሽቦርዱ አቧራ። የኋላ ወንበሩ ግን ንጹሕ ነው። ቀዩ ፕላስቲክ ቆዳ በአንድ በኩል ጎድጉዷል።

ሜትሩን ሊዘረጋ እጁን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ።

ሙቅ ነበር።

መኪናዋ ያለችው ጥላ ውስጥ ነው።

“አዑዙ ቢላህ...” አለና እጁን ሰበሰበ። ወዲያው ግን በራሱ ሳቀ። ድመት ተኝታበት ይሆናል ብሎ አሰበ። ከወንበሩ ሥር፣ ከማይታይበት ቦታ፣ ከቀዩ ቆዳ ትንሽ ቆርጦ ኪሱ ከተተ። የሞዴሏን ወንበር በእውነተኛው ቆዳ ሊያለብሰው አስቦ ነው።

“ጨረስክ?” አለች ሰዐዲያ ከሩቅ።

“አዎ። ሽቦውን መልሼ ልሰረው?”

“ተወው። እኔ አስረዋለሁ።”

አላሰረችውም፤ የታሰረ እንዲመስል ብቻ ጠቀለለችው።

ኢሳም እንደዚያች መኪና ሠርቶ አያውቅም። እጁ አልተሳሳተም። ቆርቆሮው ገና ሲነካው ይታጠፍለታል። ቀለሙ አንድ ጠብታ እንኳን ሳይንጠባጠብ ደረቀ። በመጨረሻ ቀዩን ቆዳ በኋላ ወንበሯ ላይ ለጠፈ፣ ጎማዎቿን ገጠመ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት።

በማግስቱ ከሥራ ለምሳ ሲመጣ የኋላ መስታወቷ ጭጋግ ለብሷል።

ማጣበቂያው፣ ሱፐር ግሉ፣ ነው አለ። ሱፐር ግሉ ሲተን መስታወት ላይ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ሞዴል የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በጨርቅ ጠረገው። አልለቀቀም።

ጭጋጉ ያለው በውስጥ በኩል ነበር።

ሱፐር ግሉ የተወው ነጭ ነገር ደግሞ በራሱ አይጠፋም። ይሄ ግን ወደ ዐስር ሶላት ላይ ጠፋ። በነጋታው፣ እዚያው ሰዓት፣ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ይሰፋል... ትንሽ ይጠባል። ይሰፋል... ይጠባል።

ሰው መስታወት ላይ ሲተነፍስ እንደሚሆነው።

ኢሳም ለማንም አልተናገረም። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ሲገባ ሌሎቹ መኪኖች በሙሉ ዞረዋል። አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ ደቅነው፣ ጀርባቸውን ለሰማያዊዋ ሰጥተው።

“ዋፋ! ዕቃዬን ለምን ትነኪያለሽ?”

“እኔ? አቧራቸውን እንኳን እንዳልጠርግ የከለከልከኝ አንተ።”

“ታዲያ ማን አዞራቸው?”

“እኔን ታፈጥብኛለህ? ያቺን ሰማያዊ ከቤቴ አውጣልኝ!”

“ምን አደረገችሽ?”

ዋፋ ወደ መደርደሪያው ገልመጥ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ብቻዬን ስሆን... ልክ ከማጅራቴ ላይ ሰው ይተነፍሳል።”

ኢሳም ጭጋጉ ትዝ አለው። ግን ኤግዚቢሽኑ ደርሷል። በሕይወቱ የሠራት ምርጥ ሥራ ናት። “ቅናትሽ ነው” አላት። በተጋቡበት ዘመን እንደዚያ ተናግሯት አያውቅም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን አዳራሹ በሰው ተሞላ። ሰማያዊዋ ፔጆ ጠረጴዛ ላይ፣ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ ይከባታል። ዋፋም ኩርፊያዋን ይዛ መጥታለች።

ቀትር ላይ ቢኒያም በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ቆየና ወደ ኢሳም ጆሮ ጠጋ አለ።

“ሰው መሥራት የጀመርከው መቼ ነው?”

“የምን ሰው?”

“ከኋላ ያስቀመጥካት ሴትዮ።”

“ልታበሽቀኝ ነው አይደል? ቀናህ?”

“ምን ያስቀናኛል? እየው!”

ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነበት። ፎቶው ላይ፣ ከኋላ ወንበር፣ ጥቁር የተከናነበች ሴት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ወደ ፊት ታያለች።



ቢኒያም በጣቱ ወደሚቀጥለው ፎቶ አሳለፈ። እሱን ያነሣው ከመጀመሪያው ቀጥሎ፣ ወዲያው ነው።

ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ዞራለች። ፊቷ መስታወቱን ተጠግቷል። ከጭጋጉ ጀርባ የሚታየው ግን... ዐይንም፣ አፍም አልነበረውም።

“ኢሳም...” አለ ቢኒያም። ድምፁ ተለወጠ። “ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ በለኝና እንሂድ።”

ኢሳም ቀና ሲል ዋፋ ጠረጴዛው ጋ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ሣጥኑ ላይ ለጥፋ ታያለች።

“ዋፋ፣ ተይ! ዞር በይ!”

ድንገት ቀና አለች። ማጅራቷን በእጇ ያዘች።

“ምን ሆንሽ?”

“ምንም።”

“ፊትሽ ዐመድ መስሏል።”

“መሄድ አለብኝ” አለች። የምታየው እሱን አይመስልም። “ወደ ቤት... ወደ ቤት።”

ሊከተላት ሲል ሰው መሐል ገብታ ጠፋች። መኪናዋን ዞሮ አየ።

የኋላ መስታወቱ ደርቋል። ጥርት ብሏል።

የኋላው በር ግን ተከፍቷል።

ሞዴሏን ከሣጥኑ አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከቢኒያም ጋር ባጃጅ ይዘው ወደ አው ዓብዱላሂ ግቢ በረሩ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ኢሳም ፌስታሉን ሲከፍትላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

“ከፍተሃታል” አሉ።

“ይቅር ይበሉኝ፣ አው ዓብዱላሂ። ምንድን ናት?”

ፌስታሉን መልሰው ሸፈኑት።

“ጁምዐ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ መስጊድ ነው፤ እኔ ሥራ በልጦብኝ ቀረሁ። ኤረር በር ጋ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። ከኋላ ገባች። ወዴት ነሽ አልኳት... ወደ ቤት አለች። የማን ቤት አልኳት። አልመለሰችም። ከከተማው ውጭ እስካለችው ድሬ ጠያራ ነዳሁ፣ ተመለስኩ። በስፖኪዮ ሳያት አለች። ዞሬ ሳያት የለችም።”

“ከዚያስ?”

“አልወረደችም። እስከ ዛሬ አልወረደችም።” ሽማግሌው በምርኩዛቸው ወደ ፔጆዋ ጠቆሙ። “ጎማውን ነቀልኩ፣ እንዳትሄድ። በሩን አሰርኩ፣ እንዳትወርድ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠበቅኳት። አንተ ደግሞ በሩን ፈታህላት። ሌላ መኪና ሠራህላት። ጎማ ገጠምክላት!”

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ትልቋ ፔጆ ሄዱ። ሽቦው የተፈታውን በር ከፍተው፣ እጃቸውን ሰደው የኋላውን ወንበር ዳበሱ።

“ቀዝቅዟል” አሉ። ማልቀስ ጀመሩ። የኀዘን ይሁን የደስታ አይታወቅም።

ኢሳም ሰዐዲያን አያት። ግንቡን ተደግፋ ቆማለች።

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ለምን ታዲያ አስገባሽኝ?”

“ሰው እንዲወስዳት” አለች። ዐይኗን አልሰበረችም። “እኛ ደክሞናል። አሁን ከደጃችን ሂድ።”

ገፍታ አስወጣቻቸው። ከውስጥ የመቀርቀሪያው ድምፅ ተሰማ።

ለኢሳም ነገሩ የገባው የዚያን ጊዜ ነው። የሞዴሏ በር ተከፍቶ ነበር... ዋፋም “ወደ ቤት” ብላ ነበር።

በጠባቡ መንገድ ሮጠ። ቢኒያም ከኋላው። ሰው የለም። ገርበብ ያሉት ሱቆች፣ ፀሐዩ፣ የራሳቸው ኮቴ ብቻ።

የቤቱ በር አልተቆለፈም። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

“ዋፋ?”

ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ከፍ ያለው መደብ ላይ የለችም። ባዶው ወለል መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ገጥሟል፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ወደ ፊት ታያለች። ሰውነቷ በቀስታ ይወዛወዛል... ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው።

“ዋፋዬ... እኔ ነኝ።”

ትከሻዋን ነካ። ጮኸች። የሰው ጩኸት አልነበረም። መደርደሪያው ላይ ያሉት መኪኖች ተንቀጠቀጡ።

እጁን አነሣ። ዝም አለች።

ፊት ለፊቷ ቆሞ ዐይኗን ሊያይ ሞከረ። እንደገና ጮኸች።

ኢሳም ምን እንደመራው አያውቅም። ከፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ሰጣት።

ፀጥ አለች። ከማጅራቱ ላይ ትንፋሽ ተሰማው... ሙቅ።

“ደረስን?” አለች።

የዋፋ ድምፅ አልነበረም።

ኢሳም ዕንባው ይወርዳል። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ባዶውን አየር እንደ መሪ ጨበጠ።

“ገና ነው” አለ።

የቀረውን የነገረኝ ቢኒያም ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ አያቸው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ በአንድ ጊዜ ይቃናሉ። ከዚያ ወደ ግራ።

ቤቱ ውስጥ ንፋስ የለም። መጋረጃው አይነቃነቅም።

የዋፋ ሻርፕ ግን ወደ ኋላ ተወጥሮ፣ በኃይል ይውለበለብ ነበር።