ገጹ የመረጠው የክርስትና አባት

እኛ ሰዎች ለመቀየም ፈጣኖች ነን፤ ለመጠየቅ ግን እግራችን ይጎተታል። ይህን የምለው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖረውን ይድነቃቸውን አስቤ ነው።

ይድነቃቸው በአየር መንገድ ጭነት ክፍል የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። ኢስትሊ ገበያ ልብስ የሚነግደው ባንታየሁ ደግሞ ናይሮቢ ከገባ ጀምሮ እንደ ወንድሙ ነበር። ሠርክ የምትባለው የይድነቃቸው ሚስት ስታረግዝ፣ “ወንድ ከሆነ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ብታስቡ ወዮላችሁ!” ብሎ አስማላቸው። ከዚያ የአባቱ ሕመም ጠናና ሊያስታምም ወደ ወሎ ገጠር ሄደ። እዚያ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም። “ገበያ ስወጣ ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። ስትወልድ ገጽህ ላይ ለጥፍልኝ” ብሎ ተሰናበተ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2009 ነበር። ማኅበራዊ ድረ ገጽ ለናይሮቢ ሐበሻ ገና አዲስ ነው፤ የሆነ ያልሆነውን እዚያ መለጠፍ እንደ ሥልጣኔ ይቆጠር ነበር።

ሕፃኑ ቀኑን አልጠበቀም፤ በስምንት ወሩ መጣ። ይድነቃቸው ፎቶውን ለጠፈ። በቅጡ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ “እንኳን ማርያም ማረቻት” እያሉ ጻፉለት። ከባንታየሁ ግን ምንም የለም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ አሁንም የለም።

“እስቲ ከተማ ያለችው እህቱ ጋ ደውል” አለችው ሠርክ ሕፃኑን እያጠባች። “በአባቱ ነገር ተጨንቆ ይሆናል።”

“በየሳምንቱ ገጹን ይከፍታል። አይቶታል።”

“ባንታየሁ አይቶ ዝም የሚል ሰው ነው?”

“ሰው ይለወጣል። ደውዬ እንኳን ደስ አለህ በለኝ ልበለው?”

“አንድ ስልክ አያሳንስህም፣ ይድነቃቸው።”

አልደወለም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ተነሥቶ ሔኖክን ክርስትና አንሣልኝ አለው። ሔኖክ ናይሮቢ ያደገ፣ ኪሊማኒ በኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደር መልካም ልጅ ነው። ይድነቃቸው በለጠፈው ሁሉ ሥር ቀድሞ የሚጽፍ እሱ ነበር።

በአርባኛው ቀን ሕፃኑ ተጠመቀ። ሰው እልል አለ። ይድነቃቸው ግን ደስታም ኀዘንም አልተሰማውም። ልጁን ሲያስታቅፉት ታቀፈ፤ ፎቶ እንነሣ ሲሉት ቆመ። የሰው ድግስ ላይ የተገኘ እንግዳ ይመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ሔኖክ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ባንታየሁ ነው። ጠቁሯል፤ ጥቁር ለብሷል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ስለ መጣ ሻንጣውን እንደ ያዘ ነው።

“አባቴ አረፉ” አለ ገና ከበሩ ሳያልፍ። “አርባቸውን እንኳ ሳላወጣ፣ ለእህቴ ትቼ መጣሁ። መውለጃዋ በዚህ ሳምንት ነው ብላችሁኝ የለ?”

ይድነቃቸው “ነፍስ ይማር” ብሎ ከበሩ ገለል አለ። ሠርክ ድምፁን ሰምታ ሕፃኑን እንዳቀፈች ከመኝታ ቤት ወጣች። ባንታየሁ ልጁን አየ። ቀጥሎ አንገቱ ላይ የታሰረውን ማተብ አየ።

“መቼ?” አለ።

“ለጥፌዋለሁ እኮ። አላየህም?”

“በየገበያው ቀን ከፍቻለሁ። የሰው ሠርግ አያለሁ፣ የሰው መኪና አያለሁ፤ ያንተ የለም። ገና አልወለደችም ብዬ ደስ እያለኝ እመለሳለሁ።”

ሔኖክ አንገቱን ደፍቶ ወደ ይድነቃቸው ዞረ። “ፖሌ ሳና፣ ጋሼ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ገጹ የለጠፍከውን ለሁሉም አያሳይም፤ ይመርጣል። ብዙ የሚጽፍልህን ሰው ያስቀድማል። ጋሽ ባንታየሁ አንብቦ ዝም ነው፤ ስለዚህ ገጹ ስላንተ ግድ የሌለው ሰው አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ ስለምለፈልፍ ሁሉም ይደርሰኛል።”

ወገኖቼ፣ በማሽን አልፈርድም። የወዳጅን ልብ ከየት ያውቃል? የምፈርደው ማሽኑ የቆጠረውን አምኖ ወዳጁን ግድ የለሽ አድርጎ በቆጠረው ሰው ላይ ነው። ያን አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ የጓደኛውን ኀዘን በጊዜው ይሰማ ነበር፤ ጓደኛውም የእሱን ደስታ ይሰማ ነበር። ለጠፍኩ ማለት ነገርኩ ማለት አይደለም። ዝም ያለውን ሰው ከመቀየማችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁት።

ክርስትና አይደገምም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ይድነቃቸው ሕፃኑን ከሠርክ ተቀብሎ ወደ ባንታየሁ ቀረበ። ፊቱ እንደ ደነዘዘ ነው።

“የምሥራች” አለው። ድምፁ የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነበር።

ባንታየሁ ሻንጣውን አስቀመጠ። ልጁን ተቀብሎ ታቀፈውና ማተቡን በጣቱ ነካ አደረገው።

“ምሥር ብላ” አለ፤ ይድነቃቸውን ግን ቀና ብሎ አላየውም።