ከኮፈኑ ስር የተለጠፉት ቀኖች

እህቴና ጆሮ የሚባለው መካኒክ መጀመሪያ የተያዩ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ተፋፍረው እንዳይመስላችሁ፤ እህቴ አፏ ውስጥ ሰባት ስፒል ነክሳ ስለነበር ነው።

እታለም ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። የፊት ለፊቷ ክፍላችን የሷ መሥሪያ ቤት ናት፤ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናዋ አለች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የምትለካባት ጭንቅላት የሌላት ምስል ቆማለች። «ጭንቅላት የለሿ» እንላታለን። እኔና ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ስለተኳረፍን፣ እታለም ጎን ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የሰው ወሬ እሰማለሁ። በሁለተኛው ጎበዝ ነኝ።

ያን ቀን በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። አንድ ረጅም ወጣት የዕቃ ሣጥን ይዞ ቆሟል። የጣቶቹ ጫፍ በሳሙና የማይለቅ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል።

«ለመኪናዋ ነው የመጣሁት» አለ። «ቀኗ ዛሬ ነው። ጋሼ ጋራዥ ሳያመጧት ቀሩ፤ አሉ?»

ጋሼ የሚለው አባዬን ነው። አባዬ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነበር።

እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ የበሩን እጀታ ይዤ ቀረሁ። ዞር ስል እታለም ከኋላዬ ቆማለች። ስፒሎቹን ማውጣት ትችል ነበር፤ አላወጣችም። ጭንቅላቷን ብቻ ቀስ ብላ ግራና ቀኝ አነቃነቀች። ልጁ ጥቁር ልብሷን አየ፣ ዓይኗን አየ፣ ከዚያ ሣጥኑን የተኛ ሕፃን የሚያስቀምጥ ይመስል ቀስ አድርጎ መሬት አወረደው። ዝም ተባባሉ። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ያንን ግን ለመስበር እኔም አፈርኩ።

በመጨረሻ «እንግዲያው እሷንም ብቻዋን አንተዋትም» አለና ወደ ግቢው ጥግ ሄደ።

እሷ የተባለችው መኪናዋ ናት። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ወገቧ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በወጣትነቷ ለውድድር የተሠራች። ከእታለምም በዕድሜ ትበልጣለች። አባዬ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስድስት ቀን ስልሳ ሰው ጭኖ ሲንፏቀቅ ይከርምና፣ በሰባተኛው ሸራዋን ገፎ ያስነሳታል። ያኔ የመስኮታችን መስተዋት ይንቀጠቀጣል፣ እማዬ «አሁን ደግሞ ሊበር ነው» ትላለች፣ እየሳቀች።

አባዬ አንድ ሕግ ነበረው። መኪናዋ ተበላሽታ አትጠገንም፤ ሳትበላሽ ነው የምትጠገነው። ዘይቷ ሳይጠቁር ይቀየራል፣ ፍሬኗ ሳያልቅ ይታያል፣ ካንዴላዋ ሳይደክም ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ጋራዥ ድረስ ይወስዳታል፤ ጆሮ በጨረሰ ቁጥር ከኮፈኑ ስር ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል፤ «ቀጣይ ምርመራ» ይልና ቀን ይጽፋል። አባዬ አሮጌዎቹን ወረቀቶች አያነሳም ነበር። በየስድስት ወሩ የተጻፉት ቀኖች በረድፍ ተለጥፈው ይኖራሉ።

ጆሮ ለምን ተባለ? ሞተር ሲያዳምጥ ማየት ነው። ረጅም ካቻቢቴ ያወጣል፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰፈሩ ሁሉ ትክክለኛ ስሙን ረስቶታል። እኔም አልነግራችሁም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እታለም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ምንድነው የምትሰማው?» አለችው።

«ማዳመጥ ይፈልጋሉ እርስዎ?»

እርስዎ! በሃያ አምስት ዓመቷ! ሳቄን በሻርፔ አፈንኩት።

ካቻቢቴውን ሰጣት። ጎንበስ ብላ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። የከሰዓት ፀሐይ በቀዩ ቀለም ላይ ነጥሮ ጉንጯን አቅልቶታል። ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ያጉረመርማል። ጆሮ ሞተሩን ማዳመጥ ትቶ እሷ ስታዳምጥ ያያል። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አላውቅም፤ እኔ ብቻ ሦስት ቁልፍ ተክያለሁ።

«እንደ ስፌት መኪናዬ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ከሩቅ ጫጫታ፣ ከቅርብ ዜማ።»

«አዎ» አለ ጆሮ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ «አዎ፣ እንደሱ ነሽ» አለ። እርስዎ የት እንደገባች እንጃ። ነሽ ያላትም እሷን ይሁን ሞተሩን እስካሁን ይከራከራሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀኖቹ መቀራረብ ጀመሩ።

«ትንሽ ድምፅ አለ፣ ከሰፈር አታርቂያት፣ ከሦስት ወር በኋላ ልያት።» ቀጥሎ «ድምፁ አልጠፋም፣ በወሩ ልምጣ።» ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ። በመጣ ቁጥር እታለም ጸጉሯን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። እሱም አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን ፊልትሮ በሁለት ሰዓት ይቀይራል። የሚናገሩት ስለ ዘይትና ስለ ክር ብቻ ነው። እኔ በመካከላቸው ሳልፍ አየሩ እንደ ሐር የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር።

ሆኖም እታለም የምትስቀው እሱ ፊት ብቻ ነው። ማታ ማታ ሸራውን ገልጣ መሪው ላይ ግንባሯን ስትደፋ አይቻታለሁ። «መኪናዋ አንድ ነገር ሆናብኝ አባዬ ሁለተኛ እንዳይሞትብኝ» አለችኝ አንዴ። ጆሮ ድምፅ አለ ሲላት አምናዋለች፤ አባዬም እሱን ነበር የሚያምነው።

ከዚያ አንድ ቀን እማዬ ልብስ ስታጥፍ፣ መኪናዋን ልሸጣት ነው አለች።

«እማዬ!» አልን ሁለታችንም።

«ሞተሯ በተነሣ ቁጥር አባታችሁ መጣ እላለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «በተነሣ ቁጥር። ከዚያ ደግሞ አይመጣም። አልቻልኩም ልጆቼ።»

እታለም ሄዳ እጇን ሳመቻት።

ገዢ ተገኘ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ አሮጌ መኪና እንደ አበባ የሚንከባከብ የጥርስ ሐኪም ነው። ቅዳሜ ራሷ እታለም ነድታ እንድታደርስለት ተስማሙ፤ ወሬውን ለጆሮ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን የራሱን መካኒክ ላከ። ሰውየው ሲነካካ፣ ሲያስነሳ፣ ሲያጠፋ ቆየና ወረቀቶቹን ማንበብ ጀመረ። ስድስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ሦስት ወር፣ አንድ ወር፣ ሁለት ሳምንት። ሳቀ።

«ይቺ መኪና ወይ ልትሞት ነው ወይ ተፈቅራለች» አለ። «እኔ እስከማየው ግን፣ ድምፅ አላት ብትሉም፣ ምንም በሽታ የላትም። ድምፅ? ምን ድምፅ? እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው።»

እኔ ሳቅኩ። እታለም አልሳቀችም። መቀሷን አስቀመጠችና እስከ ጋራዡ በእግሯ ሄደች። እኔም፣ መቼም ቤት አልቀር፣ ተከተልኳት።

ጆሮ ከአንድ የጭነት መኪና ስር ነበር። በጀርባው ተንሸራቶ ወጣና ሲያያት ፊቱ በራ።

«ድምፁ ነበረ ወይስ አልነበረም?» አለችው።

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። ጨርቅ አነሣ፣ እጁን ጠረገ፣ የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

«አልነበረም» አለ።

«ዓመት ሙሉ አስፈራራኸኝ!»

«ሌላ ምን ብዬ እመጣለሁ? ደጃፍሽ ላይ ምን ብዬ ልቁም?»

«እኔ እኮ ማታ ማታ አልተኛም ነበር! ልትሞት ነው እያልኩ አለቅስ ነበር፣ ታውቃለህ? አንተ የአባቴ ሰው ነህ ብዬ ነው ያመንኩህ።»

እሱ ይሄን አላሰበም። ሲገባው አየሁት፤ እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልትወጣ ስትዞር ግን ተጣራ።

«ቅዳሜ እንዳትነጂያት! ችንጋዋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ አልቋል። ከሰፈር አታርቂያት ያልኩሽ ለሱ ነው። ዕቃው ስምንት ወር ተጠብቆ ነገ ነው የሚደርሰው። እሱ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ውስጥ ያለው ብረት እርስ በርሱ ይማታል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የለም።»

«ደግሞ አዲስ ድምፅ?» አለች።

«ችንጋ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይቆይና ነው የሚበጠሰው።»

«ሰውየው ምንም የላትም ብሏል።»

«ሽፋኑን አልከፈተማ! በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በዕድሜ ነው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል።»

«በቃ» አለች እታለም። «አንተን ከእንግዲህ ምንህን ልመንህ?» ወጣች። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን እንዳላይ ቀድማኝ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታ ለባበሰች። የመኪናዋ ቁልፍ ከተሰቀለበት የለም። መሳቢያ ገለበጠች፣ ትራስ አነሣች፣ ከረጢቷን አራገፈች።

«አንቺ ቃሪያ! ቁልፉን የት አደረግሽው?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

ቁልፉ ጭንቅላት የለሿ አንገት ውስጥ ነበር። እሷ ምስጢር ትጠብቃለች፤ አፍ የላትማ። እኔ ደግሞ ገና ሳይነጋጋ ጋራዡ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። ለእታለም ሳይሆን ለአባዬ መኪና ብዬ ነው። እሺ፣ ለእታለምም ብዬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጆሮ ሣጥኑን ይዞ፣ አዲሱን ችንጋ ብብቱ ስር ሸጉጦ ገባ።

«ማን ጠራህ?» አለች። እሱ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

«እምነትሽን አልጠይቅም» አለ። «ሽፋኑን ልክፈትና አንቺው እዪው። ውሸት ከሆነ ነድተሽ ሂጂ።»

ከመኪናዋ ፊት ገለል አለችለት። ቁልፉን ከጭንቅላት የለሿ አንገት አውጥቼ መሬት ላይ ያገኘሁት አስመሰልኩ።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በሸራው ላይ በፈታበት ተራ ደረደራቸው። ሽፋኑ ተነሣ። ችንጋ ማለት ሞተሩን ውስጥ ለውስጥ አስማምቶ የሚያዞር፣ ጥርስ ያለው የላስቲክ ቀበቶ ነው። አወጣውና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆመ።

እታለም ስለ ሞተር አታውቅም። ስለ ጨርቅና ክር ግን ማንም አይነግራትም። ጣቷን የልብስ ጠርዝ እንደምትመረምር በቀበቶው ላይ አሳለፈች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። አጠፍ ስታደርገው ላስቲኩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። ሁለት ጥርሶች የሉም፤ ከስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ ክሮች ወጥተዋል።

«ክሩ ላልቷል» አለች በሹክሹክታ። «የያዙት አራት ክሮች ብቻ ናቸው።»

«አራት» አለ ጆሮ።

«እኔ በዚህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር…»

ቀበቶውን እንደያዘች የመኪናዋ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ እሱም አዲሱን ማሰር ጀመረ። ነፋሱ ሸራውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ማንም አልተናገረም። ግን የዚያን ቀኑ ዝምታ የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ወንድም ነበር፤ አወቅኩት።

ሲጨርስ አስነሳት። እማዬ መስኮቱ ጋ መጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ጆሮ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «ቀጣይ ምርመራ» ብሎ ጻፈ። የእስክሪብቶውን ጫፍ ነከሰ። ከዚያ ቀኑን ጽፎ ከመጨረሻው ወረቀት ጎን ለጠፈው።

እታለም ጎንበስ ብላ አነበበች።

«አምስት ዓመት?»

«ለችንጋው እውነቱ ይሄ ነው። የቀረውን የሐኪሙ ሰው ያያል።»

«እስከዚያ አትመጣም ማለት ነው።»

«ለመኪናዋ አልመጣም» አለ።

«ታዲያ ጨርሰው እንጂ!» አልኩ እኔ። የዘይት ጨርቅ ፊቴ ላይ አረፈ፤ የወረወረችው እታለም ናት። ግን እየሳቀች ነበር፣ ጉንጯ ላይ ደግሞ የመኪናዋ ቅላት ነበረ፣ መኪናዋ ጥላ ውስጥ ብትሆንም።

ገብታ መሪውን ያዘች። በመስኮቱ በኩል ሳታየው «ማስፈራራት አልወድም» አለችው።

«አላስፈራራሽም።»

«ስትመጣ ደግሞ ባዶ እጅህን ና።»

ሄደች። ጆሮ መሐል መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። እኔ ድምፁ ከጠፋኝ ቆይቷል፤ እሱ ግን ገና ይሰማ ነበር።

እታለም ማታ በአውቶቡስ ተመለሰች። ግቢያችን ጥግ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ደረቅ መሬት ቀረ፣ መሐሉ ላይ አንዲትም የዘይት ጠብታ የለበትም። ጆሮ የያዘው መኪና አያንጠባጥብም።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጆሮ ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሣጥን የለም፣ ካቻቢቴ የለም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጀርባው ይከታቸዋል።

እማዬ ደጃፍ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለችው። «መኪናዋ ሄዳለች።»

«ምንም አልተበላሸም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«ሳይበላሽ ልድረስ ብዬ ነው» አለ።

እማዬ የአባዬን ሕግ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

ከውስጥ፣ የእታለም የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ከሁላችንም ቀድሞ የሰማው እሱ ነው።