ሰባተኛው ቁራጭ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሒሳብ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ባለሦስት ማዕዘን የሆኑ ዘጠኝ የካርቶን ቁራጮች ነበሩ። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የተጻፈባቸው ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉትም እንዲሁ። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙት በስድስተኛውና በሰባተኛው ጫፍ፣ በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ እዚያው ሥራ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው መሰላል ሥር ሞተው ተገኙ።

ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የሟቹ ተማሪ በካቴና ታስራለች። ትናንት ከመምህሯ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ደጅ ላይ የፖሊስ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃታል።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ግኝታችንን አሁኑኑ እናሳትም አልኩ። እሳቸው ‹መጀመሪያ ለጓደኛዬ ልንገረው፣ ከሰው አፍ አይስማ› አሉ።»

«የምን ግኝት?»

«አንድ ቅርጽ ቁራጭ በቁራጭ ሲገነባ አዲሱ ቁራጭ ከነበሩት ጋር በሙሉ ጎን መግጠም አለበት። በጫፍ መነካካት አይቆጠርም። ጓደኛቸው፣ እንዲህ ከተገነባ ቅርጽ ውስጥ በራሳቸው ዘዴ የተቆረጠ ክፍል ሁሉ ራሱም ይገነባል ይላሉ። መጽሐፋቸው በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። እኛ የማይገነባ አገኘን፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ነው፣ እሳቸው የሣሉት ሥዕሉም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ሰባተኛው ቁራጭ ከስድስተኛው ጋር በሙሉ ጎኑ ገጥሟል። ጫፉ ላይ የደረቀ ሙጫ አለ፤ ጎኑ ላይ ያለው ግን ገና ጣት ይይዛል። የጋራ ጎናቸውን በማስመሪያዋ ለካች፦ አርባ ሚሊሜትር።

«እትዬ፣ ይህን ነክተውታል?» አለች የሟቹን ሚስት።

«እኔ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርቶኑን እንደ ዕንቁላል ስዞረው ነው የኖርኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጫፉ ተንጠልጥሎ አይቼ ‹ይበጠስብሃል› ብለው፣ ‹እንዲበጠስ ነው የሠራሁት› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ገበያ ወጣሁ።»

የሟቹ ጓደኛ ሳሎን ውስጥ መሐረብ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ሥራ ክፍላቸው ገብተዋል?»

«መርዶውን ሰምቼ መምጣቴ ነው። ከሳሎን አላለፍኩም።»

«ግኝታቸውንስ ያውቁታል?»

«የጀማሪ ስህተት ነው። ሰባተኛው እኮ በሙሉ ጎኑ ገጥሟል፤ ግቢና እዪው፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ይህ ነገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ተለውጧል። እትዬ ነክተውት ቢሆን እንዳዩት ይመልሱት ነበር፤ የቱ ልክ እንደሆነ አያውቁም። ተማሪዋ ግኝቷን በገዛ እጇ አታጠፋም። ያረመው ሕጉን የሚያውቅና መታረሙ የሚጠቅመው ሰው ነው።» ወደ ጓደኛው ዞረች። «ፕሮፌሰሩ በሣሉት ሥዕል ላይ ሰባተኛው በጫፉ ነው። በጎኑ የገጠመው ዛሬ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ከሳሎን ካላለፉ የት አዩት?»

ሰውዬው መሐረባቸውን አጣጠፉ፤ መልሰው ዘረጉት።

«መጽሐፉ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ በመጨረሻ። «መሰላሉ ላይ ሆኖ ‹ይቅርታ፣ ወንድሜ› አለኝ። ይቅርታው ነው ያነደደኝ። መሰላሉን ገፋሁት።»

ሚስቲቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የተማሪዋ ካቴና ተፈታ። ሰባተኛውን ቁራጭ አላቀቀችና በጫፉ ወደ ቦታው መለሰችው። መርማሪዋ ማስመሪያዋን አስጠግታ መዝገቧ ላይ ጻፈች፦ የጋራ ጎን ርዝመት፣ ዜሮ ሚሊሜትር።