የተሸነፈ ድምፅ ድርሻ

በ፲፱፻፹፮ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ፒያሳን አልፎ እስከ እሪ በከንቱ ቁልቁለት ተኝቶ ነበር፤ የአራዳ ሰውም ስለ ረቂቁ ሕገ መንግሥት ሊመክር ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያለ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይገባ ነበር።

ከገቡት አንዱ ልብስ ሰፊው አቶ የሲን ነበሩ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ፒያሳ ላይ ሲሰፉ ያረጁ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው፤ በምርጫ ነገር ግን ገድ አልነበራቸውም። በጃንሆይ ዘመን እንደራሴ ሲመረጥ በየጊዜው ተሰልፈው ድምፅ ሰጥተዋል፤ እሳቸው የመረጡት ሰው ግን አንድም ቀን ምክር ቤት ገብቶ አያውቅም። ሚስታቸው ወይዘሮ ዐፊፋ፣ «እንዲወድቅ የምትፈልጉት ሰው ካለ ለየሲን ንገሩት፣ ይመርጥላችኋል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አብረው ይስቃሉ፤ ልባቸው ግን አይስቅም። ሳይሞቱ አንዲት ድምፃቸው አንድ ቦታ ደርሳ ማየት ይመኙ ነበርና።

የቀበሌው ጸሐፊ የረቂቁን አንቀጾች ሲያነብ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ የአቶ የሲን ዓይንም ተከደነ። በዕድሜያቸው የመረጧቸው ተሸናፊዎች ሁሉ፣ ስፌቱ ያላለቀ፣ የመለኪያ ክሩ ያልተነቀለ ኮት ለብሰው፣ በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ስማቸው እስኪጠራ ሲጠብቁ አዩ። የሚጠራቸው አልነበረም። «በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል» የሚለው ሲነበብ ባንነው ተነሡ።

«ግራዝማች፣ ይፍቀዱልኝ» አሉ፤ ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌው ግራዝማች ወልደገብርኤል ነበሩ። «እርስዎ ለፋሲካ፣ እኛ ለዒድ፣ በየፊናችን ቅርጫ እንገባለን። ግማሽ መደብ ያዋጣ ግማሽ መደብ ሥጋ ይዞ ይሄዳል እንጂ፣ ‹ብዙ ያዋጣው በሬውን ይንዳ፣ አንተ ባዶ እጅህን ግባ› ይባላል እንዴ? የምክር ቤቱም ወንበር በድምፁ ልክ ይከፈል፤ ከመቶ ሠላሳ ድምፅ ያገኘ ወገን፣ ከመቶ ወንበር ሠላሳውን ይያዝ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ግራዝማች ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አቶ የሲን፣ ቅርጫ የሚከፈለው በሬው ከታረደ በኋላ ነው» አሉ። «እኛ የምንመክረው አገር በሕይወት እንድትቆም ነው። ሁሉም በየድርሻው ከገባ ማን ይነዳታል?»

ይህም መልስ ነበር፤ ብዙው ሰው በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። የአቶ የሲንን አሳብ የሚደግፍ እጅ ያውጣ ተባለ። እሳቸው ዞረው ቢያዩ፣ አብረዋቸው የመጡት ወይዘሮ ዐፊፋ እጃቸውን ከሁሉ በላይ ሰቅለዋል፤ ከኋላም እጅ፣ በመስኮቱም በኩል እጅ፤ ከተሰብሳቢው ሲሶ ይሆናል። የአቶ የሲን ደስታ ወሰን አጣ። የሌላው ወገን እጅ ሲወጣ ግን አዳራሹን ሞላው።

ጸሐፊው ወዲያው ለበላይ የሚላከውን ቃል አነበበ፤ «የቀበሌው ነዋሪ አንቀጹን እንዳለ ደግፏል።»

«እኛስ?» አሉ አቶ የሲን ቀስ ብለው። «ሲሶው የት ገባ?»

«ተሸንፋችኋል እኮ» አሉ ግራዝማች፤ በክፋት አልነበረም። «የወደቀ አሳብ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ይህን ካሉ በኋላ የገዛ ቃላቸው ከብዷቸው ጥቂት አቀረቀሩ፤ ነገር ግን ጽሑፉን አላስለወጡም።

በኅዳር ፲፱፻፹፯ ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ አብላጫ ያገኘ ያሸንፋል የሚለውም ጸና። ከዚያ አዳራሽ የተላከው ቃል ስለ ተቃወመ ሰው አንድም ነገር አላወሳምና፣ የዚያን ቀን ተሰብሳቢ ሁሉ ከደጋፊ ተቆጠረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወደቀ ጋር የኖሩት አቶ የሲን፣ በመጨረሻ ታሪክ ከአሸናፊዎቹ ጋር ደመራቸው፤ ድምፃቸው የደረሰችው ግን እሳቸው ወዳልላኳት ቦታ ነበር።