በደረቅ ቀለም ላይ የተነሰነሰ ወርቅ

እታለም የሞተችው የታናሽ እህቷን የሠርግ ካርድ ስትሠራ በነበረበት ቀን ነው። የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ ቀኝ እጇ ወደ ማህተሞቹ ሳጥን እንደተዘረጋ ተገኘች። ማጅራቷን የመታት፣ ወረቀት የሚጫንበት ድፍን ብረት፣ ወንበሩ ሥር ወድቋል። ከፊቷ አንድ ካርድ ወርቃማ ዱቄት ለብሶ ተቀምጧል። ዱቄቱን የሚያቀልጠው፣ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስለው ማሞቂያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የሚይዘው ሰው ሳይኖር ሙቅ አየር ይተፋል።

ማምሻውን ወደ ሥራ ተመልሳ መጀመሪያ ያየቻት ለዓመታት አብራት የሠራችው ባልደረባዋ ናት፤ ሰው ሁሉ «ቀጭኗ» ይላታል። ጩኸቷን ሰምቶ ከፎቅ የወረደው የቤቱ አከራይ ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ ተገትሮ ዝንብም አላሳልፍ አለ። ታናሺቱ ከእጮኛዋ ጋር እየሮጠች ስትደርስ ሁለቱንም ከደጅ መለሳቸው። እህቷን ያየቻት በአከራዩ ክንድ ሥር አጎንብሳ ነው። እጮኛዋ ደግፎ ባይይዛት ኖሮ እዚያው በወደቀች።

ታናሺቱ እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ በእታለም እጅ ያደገች ናት። ማህተም መቅረጽ ባይሆንላትም ካርድ ማጠፍና ፖስታ ማሸግ የዘወትር ሥራዋ ስለነበር፣ ነገሩን ለፖሊስ ያስረዳችው ራሷ ነች። ማህተሙ በወፍራም፣ እንደ ውሃ በጠራ ቀለም ካርዱ ላይ ይመታል፤ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ትርፉ ይራገፋል። ከዚያ በማሞቂያው ሲቀልጥ ሥዕሉና ጽሑፉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ያበራል። በዚያን ዕለት ግን ከቀትር ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ማሞቂያው ያለ መብራት አይሠራም። እንግዲያው እታለም መብራት ሲመጣ በሕይወት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ መግባቱ የታወቀው ሰው ደግሞ ቀጭኗ ብቻ ነች።

«ቀጭኗ የራሴን ሱቅ ልክፈት ብላ በዚህ ሳምንት ተጣልተው ነበር» አለች ታናሺቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ቀጭኗን ወሰዷት። ስትወጣ ታናሺቱን አየት አድርጋ አንድም ቃል ሳትናገር አለፈች። ታናሺቱ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረችው። የሚያንገበግባት የእህቷን እንጀራ የበላች ሰው መግደሏ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ጉዳዩ ለአንድ አንጋፋ መርማሪ ተሰጠ። ባልደረቦቻቸው «ቀስ በቀስ» ይሏቸዋል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። የሥራ ክፍሉን አሽገው፣ ካርዱን እንዳለ በመስታወት ሳህን ከድነው፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመሩ።

አከራዩ ክፍሉ እንዲለቀቅለት ይፈልግ እንደነበር አልካደም። «እኔ ኪራይ እጨምራለሁ እንጂ ነፍስ አልቀንስም» አለ። መብራት ሲመጣ ብቻውን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ምስክር የለውም። እጮኛው ደግሞ ወደ ሥራ ክፍሉ ከመጣ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው፣ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከታናሺቱ ቤት ንቅንቅ እንዳላለ ተናገረ። ታናሺቱም እውነት ነው አለች። መብራት ሲመጣ እሱ ሶፋዋ ላይ ነበር። እሱ ወደ ቤቷ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ እንደሆነ ግን መርማሪው እስኪጠይቋት ድረስ ልብ አላለችውም።

ወደ ቤቷ የመጡት መርማሪ ከጥያቄ ይልቅ የሥራውን ነገር ማውራት የሚወዱ ይመስሉ ነበር።

«ማህተሙ ከተመታ በኋላ ዱቄቱን ለመነስነስ ምን ያህል ጊዜ አለ?»

«ጊዜማ የለም። እታለም ወሬ እንኳ አታስወራንም ነበር። ቀለሙ ከደረቀ ዱቄቱ አይይዝም።»

«ከያዘስ?»

«ከያዘማ ቢገለብጡትም አይረግፍም።»

«እጮኛሽ ይህን ያውቃል?»

«እሱ ምን ያውቃል? ሲያበራ ማየት ይወዳል እንጂ።» ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

መርማሪው ሊወጡ ሲነሱ በሩ ኋላ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት አዩ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ወርቃማ ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ጥፋት ነው። እጮኛዬ ለቀብሩ እንዲለብሰው ስተኩስለት ካውያዬ ቆሽሾ ነበር መሰለኝ። ብፍቀው ብፍቀው አልለቅ አለ።»

ካውያውን እንድታሳያቸው ለመኗት። ገልብጠው አዩት፤ ፊታቸውን እስኪያሳይ ድረስ ንጹሕ ነበር። አመስግነው ኮቱን ለጥቂት ቀን እንድታውሳቸው ጠየቁ። ታናሺቱ ነገሩ ግራ ቢገባትም ሽማግሌ አይከለከልም ብላ አጥፋ ሰጠቻቸው።

በማግሥቱ ሁሉም የሥራ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አከራዩ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ታናሺቱ ከእጮኛዋ አጠገብ ተቀመጠች። ቀጭኗን ሁለት ፖሊሶች መሐል አድርገው አስገቧት። ፊቷ ይበልጥ ከስቷል። ታናሺቱ ዓይኗን አዞረች።

መርማሪው በመጀመሪያ ማህተሙ የሚነከርበትን የቀለም ሰሌዳ አነሱ። ክዳኑ ተከድኗል። የሠርጉ ማህተምም ታጥቦ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። «ሥራ መሐል የተመታ ሰው ክዳን አይከድንም፤ ማህተም አያጥብም» አሉ። ከዚያ የመስታወቱን ሳህን አንስተው ካርዱን በሁለት ጣት ያዙና ባዶ ወረቀት ላይ ዘንበል አደረጉት።

ዱቄቱ እንዳለ ተንሸራቶ ወረደ። ካርዱ ላይ የቀረ የለም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያጋድሉት የሠርጉ ማህተም ሥዕል የሆኑት የሁለት የተቆላለፉ ቅርንጫፎች ደረቅ ጥላ ብቻ ለዓይን ጭል አለ።

ታናሺቱ አንገቷን ወደ ካርዱ አሰገገች። የራሷ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸባት፤ ከደረቀ አይይዝም።

«እታለም ይህን ማህተም የመታችው መብራት ሊጠፋ ሲል ነው» አሉ መርማሪው። «መብራቱ ሲጠፋ ካርዱ እንደተበላሸ አውቃ ተወችው፤ ክዳኗን ከደነች። ዱቄቱን የነሰነሰው ሥራው ሲሠራ ያየ፣ ግን ሠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። እታለም አይደለችም። ቀጭኗም አይደለችም።»

«ማሞቂያውስ? ይሠራ ነበር እኮ» አለ አከራዩ።

«ማብሪያውን መብራት ጠፍቶ ሳለ ተጭኖ መሄድ ይቻላል። መብራቱ ሲመጣ በራሱ ይነሳል። ሰው ሁሉ ሟቿ ያኔ በሕይወት ነበረች ይላል። እንዲህ ያለ ተንኮል የሚጠቅመው መብራት ሲመጣ ሌላ ቦታ፣ ምስክር ፊት ለነበረ ሰው ነው። አንተ ምስክር የለህም፤ ምን ይጠቅምሃል?»

ታናሺቱ ያን ሰዓት አስታወሰች። አምፖሉ ቦግ ሲል እጮኛዋ «አየሽ፣ መጣ፤ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሏት ነበር። እሱ የእጅ ሰዓት አስሮ ሳለ፣ ተነስታ የግድግዳውን ሰዓት አንብባ ነገረችው።

«እሱ እዚህ አልመጣም» አለች። «ራሱ ነግሮዎታል።»

መርማሪው ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ያን ጊዜ ቀጭኗ አፏን ከፈተች።

«ያን ዱቄት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው ገዝቼ ያመጣሁት። አንቺ የመረጥሽው ቀላ ያለ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«ዱቄቱ የኮቱ ሱፍ ውስጥ ገብቶ ቀረ» አሉ መርማሪው። «ብናኝ ስለሆነ አልታየም። ካውያሽ ሲነካው ቀለጠ። ማታ ስትመጡ አከራዩ ከደጅ መልሷችኋል፤ ስለዚህ ኮቱ እዚህ የገባው ከዚያ በፊት ነው። አይዞሽ ልጄ፤ ካውያሽ ንጹሕ ነው።»

እጮኛው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እኔ ለምን እገድላታለሁ? እንደ እህቴ ነበረች።»

መርማሪው የጓዳውን በር ከፈቱ። አንዲት ዘንካታ ሴት ገባች። በዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ለባሏ ልደት ካርድ ያዘዘች፣ ውስጡ እንዲለጠፍም ፎቶውን ትታ የሄደች ደንበኛ ናት። ፎቶው ከክፍሉ ጠፍቷል። ካርዷን ልትወስድ ስትመጣ መርማሪው በሩ ላይ አገኟት።

ሴትየዋ ክፍሉን ቃኝታ ዓይኗ እጮኛው ላይ አረፈ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ? መስክ ወጣሁ አላልከኝም?»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ አከራዩ በለሆሳስ።

ታናሺቱ ከወንበሯ ተነስታ ከእጮኛዋ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እታለም ፎቶህን አይታ ስትጠራህ ምን አለችህ?»

እጮኛው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ኮት እያየ መለሰ።

«‹አንተው ንገራት› አለችኝ። ‹ከእኔ አፍ አትስማው፤ እስከ ማታ እጠብቅሃለሁ› አለችኝ።»

«ጠበቀችህ?»

«ፊቷን አዙራ ማህተሞቿን መደርደር ጀመረች።»

እንግዲህ እህቷ ጀርባዋን የሰጠችው አምናው ነው። ይህ ሰው ያን ከሰዓት እሷ ዘንድ የዋለው እሷን ምስክሩ ሊያደርጋት ነው። በእሷ ሶፋ፣ በእሷ ሰዓት፣ በእሷ ምላስ። የእህቷን ደም ማስረጃ በገዛ እጇ ከእጅጌው ላይ አስፍቋል። ታናሺቱ እጆቿን ቁልቁል አየቻቸውና የማን እንደሆኑ ጠፋባት።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች፤ አከራዩ ውሃ ሊያመጣላት ወጣ። መርማሪው የቀጭኗን የእጅ ሰንሰለት ፈተው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ቀስ ብለው ተከተሉ።

ታናሺቱ ቀጭኗ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ይቅር በይኝ።»

«በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረን ስንቱን አሳለፍን» አለች ቀጭኗ። «‹ቀጭኗ ትገድላለች ወይ?› ብለሽ አንድ ጊዜ እንኳ ራስሽን አልጠየቅሽም። ስወጣ ያየሁሽ እንድትጠይቂኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ይቅር ማለት አልችልም። አትለምኚኝ።»

ታናሺቱ አልለመነችም። ቀጭኗም ግን አልወጣችም። ወረቀቱን ከሁለት ጠርዙ አጥፋ የፈሰሰውን ወርቃማ ዱቄት በጥንቃቄ ወደ ጠርሙሱ መለሰችው፤ እታለም ዱቄት ሲባክን አትወድም ነበር። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና፣ ተጀምረው የቀሩትን የሠርግ ካርዶች ለእሳት እንዲመቹ አንድ በአንድ ለሁለት መቅደድ ጀመረች። ታናሺቱ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ግማሾቹን ወደ ራሷ ሳበች። ቀጭኗ አልከለከለቻትም።